ሦስተኛው መስመር

በሩጫ ሜዳው ጥግ ያለው የዕቃ ቤት በር ከውጭ ሲያዩት እንደ ማንኛውም የብረት በር ዝጎ የተላላጠ ነበር፤ ከውስጥ ሲያዩት ግን የብዙ ሰው ልብ የተጻፈበት ሰሌዳ ነው። አሰልጣኙ ውስጠኛውን ገጽ ጥቁር ቀለም ቀብቶ፥ በነጭ ከላይ እስከ ታች ዐምዶች አስምሮ፥ ለእያንዳንዱ ሯጭ አንድ ዐምድ፥ በእያንዳንዱም ዐምድ ሦስት መስመር ሰጥቷል። የበጋው የዐሥር ኪሎ ሜትር ውድድር ሲደርስ ሯጮቹ ተራ በተራ ይገቡና ግባቸውን በጠመኔ ያሰፍራሉ። በመጀመሪያው መስመር አየሩ ቀዝቀዝ ቢል ሊገቡበት የሚመኙትን ሰዓት ይጽፋሉ። በሁለተኛው፥ አሰልጣኙ ከአንገቱ የማያወርደውን ቴርሞሜትር ተመልክቶ ሙቀቱ የሚነጥቃቸውን ደቂቃ ከነገራቸው በኋላ፥ ያንኑ ደምረው ይጽፋሉ። በሦስተኛው መስመር ሁሉም የሚጽፉት አንድ ነው፤ አራት ቃል፦ «በእግሬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።»

«የመጀመሪያው ለእግርሽ ነው» ይል ነበር አሰልጣኙ፥ አዲስ ገቢዎች በሦስተኛው መስመር ሲስቁ። «ሁለተኛው ለጭንቅላትሽ። ሦስተኛው ለእናትሽ። እናት የሌለው ለእኔ ይጻፍ።»

ከዚህ ሌላ አንድ ደንብ ብቻ ነበረ። ግብን የሚያጠፋው የመታው ነው። ሯጩ የጻፈው ሰዓት ውስጥ ከገባ፥ ከጀሪካኑ ውሃ መዳፉን አርሶ ዐምዱን በገዛ እጁ ያብሳል። ካልገባ ጽሑፉ ይቆየዋል። የሌላውን ዐምድ የሚነካ እጅ ግን የለም፤ ከነካም ከሜዳው ከመባረር የሚያድነው የለም።

ይህ ደንብ ባይኖር ኖሮ የታላቋ እህት ሰዓት ያን ያህል ጊዜ በሩ ላይ ባልቆየ ነበር።

ሁለት እህትማማቾች፥ ታላቋና ታናሿ፥ አብረው ይሮጡ ነበር። ታናሿ ሁልጊዜ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስለምትቀር የሜዳው ሰው «ጥላ» ብሎ ሰየማት፤ ስሙም እንደ ልብስ ላይዋ ላይ ቀረ። ታላቋ ግራኝ ነበረች፤ ጽሕፈቷ ነፋስ እንደገፋው ሣር ወደ ኋላ ያዘነብላል። ድሮ የታጠፈ የግራ ቁርጭምጭሚቷ አልድን ብሎ፥ ስትሮጥ ግራ ጫማዋ መሬቱን ሸረፍ እያደረገ ይነሣል። ከሦስት በጋ በፊት በውድድሩ ጠዋት በመጀመሪያው መስመር ላይ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ብላ ጻፈች፤ ሁለቱን ባዶ ተወቻቸው። አሰልጣኙ ቢለምናት፥ «ጋሼ፥ መሸነፊያ በሩን እያሳዩኝ እንዴት ብዬ ላሸንፍ?» ብላ ሳቀች። ምከረው ምከረው፥ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው እንደሚባለው ሆነ። ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ፥ ከዳቦ ቤቱ ግንብ ሥር፥ ወደቀች። ጥላ ስትደርስባት የእህቷ ቆዳ እንደ ብራና ደርቆ ነበር፤ አንዲት ጠብታ ላብ የለበትም። ፀሐዩ አናት በሚበሳበት በዚያ ሰዓት ታላቋ ጥርሷን እያንገጫገጨች፥ «በረደኝ፤ ልብስ ደርቢልኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ምንም አላለችም።

በሩ ላይ ያለው ሠላሳ ስምንት ደቂቃ የሚያጠፋው አጣ።

በቀጣዩ በጋ ሙቀቱ ከሠላሳ አምስት ዲግሪ ባለፈ ማግስት ጥላ በሩን ስታየው ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ከሠላሳ አራት ሰከንድ ይላል። ሌሎቹ ሯጮች የሐዘን ማስታወሻ የታደሰ መስሏቸው ዐይናቸውን ሰበር አድርገው አለፉ። በሁለተኛው በጋ ወደ ሠላሳ ሰባት ከስድስት ወረደ። ጽሕፈቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ጥላ አሰልጣኙን ጠረጠረች፤ አሰልጣኙም ጥላን። ሁለቱም ሆድ ይፍጀው ብለው፥ እያንዳንዳቸው የሌላውን ሐዘን ላለመንካት ዝም ተባባሉ። አሰልጣኙ ደንቡን ሳያፈርስ ነገሩን ሊዘጋው አስቦ ዐምዱን ሁለት ጊዜ በጥቁር ቀለም ደረበበት። ሰዓቱ ከቀለሙ በላይ ተጽፎ ተገኘ።

በዚህ በሦስተኛው በጋ ጥላ ነገሩን ለመለየት ቆረጠች። የምትሠራው በልብስ ንጽሕና መስጫ ቤት፥ የሆቴል አንሶላ በሚተኮስበት ክፍል ነው፤ እዚያ አንሶላዎቹ እንዳይቀያየሩ ጠርዛቸው ላይ ቁጥር የሚሰፉበት ቀይ ክር አለ። ከዚያ ክር ቆርጣ፥ አሰልጣኙ ማታ በሩን ከቆለፈ በኋላ፥ ከመዝጊያው እጀታ ወደ መቀርቀሪያው ማያያዣ አሳልፋ ስፌት ቤት ብቻ በሚታወቅ ቋጠሮ አሰረችው። በማግስቱ ቀኑ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ገባ። በሚቀጥለው ማለዳ ክሩ እንዳለ ነበር፤ ቋጠሮውም አልተነካም። አሰልጣኙን ጠርታ በፊቷ አስከፈተችው። ከውስጥ ሠላሳ ስድስት ከአርባ የሚል ተጽፏል።

ጥላ ክሩን በጣቷ እንደያዘች ቆመች።

«ጋሼ፥ እርስዎ አይደሉም አይደል?»

«እኔማ አንቺ ነሽ ብዬ ስንት ጊዜ ልቆጣሽ ቃጥቶኝ ተውኩት» አለ ሽማግሌው። ቴርሞሜትሩን በሁለት እጁ ጨበጠው። «ልጄ፥ ይኼ ነገር እያሻሻለ ነው።»

«ማን?»

«ማን እንደሆነ እኔና አንቺ እናውቃለን። ልምምድ ላይ ያለ ሰው ነው እንዲህ በትንሽ በትንሹ የሚቀንሰው።»

ሁለቱም ወደ ሜዳው ዞረው ተመለከቱ። በቀይ አፈሩ ላይ የማንም ዱካ አልነበረም፤ ፀሐዩ ግን ገና በማለዳው መሬቱን ያርገበግበው ጀምሯል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥላ አንድ ሐሳብ ያዘች፤ ሐሳቡም እሷን ያዛት። ግብን የሚያጠፋው የመታው ከሆነ፥ ሠላሳ ስድስት ከአርባ የገባ ሰው ያንን ዐምድ የማበስ መብት አለው። በዚህ በጋ ካልተመታ በሚመጣው ይበልጥ ይወርዳል፤ ከዚያም በኋላ ማንም ሰው አይደርስበትም። እህቷም ሙቀቱ በመጣ ቁጥር ብቻዋን ስትሮጥ ትኖራለች። የጥላ ምርጥ ሰዓት፥ ያውም በቀዝቃዛ ቀን፥ ሠላሳ ስምንት ከዐሥር ነው። ይህንን አሳምራ ታውቃለች። ማወቅ ግን ፍቅርን አስሮ አያውቅም።

በመተኮሻው ክፍል ምሳሌዋ የማያልቅ አንዲት ባልደረባ ነበረቻት፤ እንደ ማሽኑ ሳታቋርጥ ስለምትጮኽ «እንፋሎት» ይሏታል። ሁለቱ በረጅሙ ማሽን ግራና ቀኝ ቆመው እርጥቡን አንሶላ በጋለው ጥቅልል መሐል ይሰዳሉ፥ ከወዲያኛው ወገን እንደ ወረቀት የደረቀውን ይቀበላሉ። በውድድሩ ዋዜማ ጥላ አራት ጊዜ ጠርዙን ሳታስተካክል ሰደደች።

«አንቺ! ኧረ የሰው አንሶላ አኮማተርሽው!» አለች እንፋሎት። «ልብሽ የት ነው ያለው?»

«ነገ ነው ሩጫው።»

«ወይ ጉድ! እኛ እዚህ ቆመን በሙሉ ደመወዝ እንቀቀላለን፤ አንቺ ለመቀቀል ስምሽን ታስመዘግቢያለሽ።»

«እኔን ሙቀት ምን ያደርገኛል? አራት ዓመት እንፋሎት ውስጥ ኖሬ።»

እንፋሎት አንሶላውን ከእጇ ለቀቀችው። ማሽኑ ያለ እሷ ጎትቶ ወሰደው። «ስሚኝ እህቴ፤ ይቺ ንግግር ያንቺ አይደለችም። የዛሬ ሦስት ዓመት፥ እዚሁ አራት ዓመት ሠርታ ቦታዋን ለአንቺ ከለቀቀች በኋላ፥ ምሳሽን ልታቀብልሽ መጥታ፥ እዚችው በር ላይ ቆማ ያለችው እሷ ናት። አንድም ቃል አላጎደልሽም።»

ጥላ ቀጣዩን አንሶላ አነሣች። ያንን እንደተናገረች እንኳ ለራሷ የገባት እንፋሎት ከነገረቻት በኋላ ነው።

በውድድሩ ማለዳ እናቷ ውሃ በሁለት ብርጭቆ ቀድታ ደጃፉ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ ሁለቱ ልጆቿ ከልምምድ ሲመለሱ እንዲያገኙት ከድሮ ጀምሮ የምታደርገው ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ሁለተኛውን ብርጭቆ ማታ ማታ አበባው ላይ ትደፋዋለች። ስለዚህ ነገር በቤቱ ውስጥ ተነጋግረው አያውቁም።

«ስንት ሰዓት ልትገቢ አሰብሽ?» አለች እናት፥ የልጇን የጫማ ማሰሪያ አጎንብሳ እየፈተሸች።

«እንደ አየሩ ነው፥ እማ።»

«ውሸት ስትናገሪ ጣትሽን ታጣጥፊያለሽ፤ ከልጅነትሽ።» ቀና ሳትል ቋጠሮውን ደግማ አጠበቀችው። «እኔ ሰዓት አላውቅም። እኔ የማውቀው በር ሲንኳኳ ነው።»

ጥላ የእናቷን ትከሻ ስማ ወጣች።

ሦስት ሰዓት ላይ መጀመር የነበረበት ውድድር መንገድ የሚዘጉት ሰዎች ዘግይተው አራት ሰዓት ሆነ። የአሰልጣኙ ቴርሞሜትር ሠላሳ ስድስትን አለፈ። ሯጮቹ በዕቃ ቤቱ ገብተው ሁለተኛውን መስመር እንደገና አስተካከሉ። ጥላ መጨረሻ ገባች። አሰልጣኙ ከኋላዋ ቆሞ፥ «ሦስት ደቂቃ ከሃያ ጨምሪ፤ አርባ አንድ ከሠላሳ ብትገቢ እንደ ጀግና እቆጥርሻለሁ» አላት። ጥላ ጠመኔውን አንሥታ በዐምዷ የመጀመሪያ መስመር ላይ ሠላሳ ስድስት ከአርባ ብላ ጻፈች። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መስመር ባዶ ተወች።

«ልጄ፥ ይኼንን አይቼዋለሁ» አለ አሰልጣኙ። «ከዚሁ በር ላይ፥ በዚሁ ሰዓት አይቼዋለሁ።»

«ካልመታሁት ማን ያጠፋዋል ጋሼ?»

«ሦስተኛውን እንኳ ጻፊ።»

«ከጻፍኩት እመለሳለሁ። ከተመለስኩ አልደርስባትም።»

ሽማግሌው ክንዷን ያዘ። «እንግዲያው ይቺን ብቻ ያዥልኝ። በዚህ ሙቀት መሐል ብርድ ከተሰማሽ ነፋስ መጣልኝ ብለሽ ደስ እንዳይልሽ። ነፋስ አይደለም።» ከዚያ አስወጥቷት በፊቷ በሩን ቆለፈ፤ ቁልፉንም ከቴርሞሜትሩ ገመድ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው።

የመነሻው ተኩስ ተሰማ። ጥላ ኪሎ ሜትሩን በሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ለመቁረጥ ከፊተኞቹ ጋር ወጣች። አስፋልቱ ከጫማዋ ሥር ለስልሶ ነበር፤ የሱቆቹ ቆርቆሮ ክዳን ዐይን ይወጋል፤ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ማጨብጨቡ እንኳ ከብዷቸው እጃቸውን ብቻ ያነሡ ነበር። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። አምስተኛው ላይ ሰዓቷን ስታየው ዐሥራ ስምንት ከሃያ ነው፤ ሰከንድ አልጎደለም፥ ሰከንድ አልተረፈም። ከዚህ በፊት በዚህ ፍጥነት አምስት ኪሎ ሜትር ሮጣ አታውቅም። ደስታ ሊሰማት ሲገባ ፍርሃት ተሰማት፤ እግሮቿ የሚታዘዙት ለእሷ አልመስል አላት።

ስድስተኛውን ካለፈች በኋላ ድምፁን ሰማችው። ከፊቷ ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ጫማ መሬቱን ሸረፍ ያደርጋል፤ ቀጥሎ ንጹሕ እርምጃ፤ ደግሞ ሸረፍ። መንገዱ ላይ ማንም የለም። የፊተኞቹ ከኩርባው ወዲያ ሄደዋል፤ የኋለኞቹ ገና ናቸው። ድምፁ በባዶው አስፋልት ላይ ይመራታል፤ እሷም ልክ እንደ ልጅነቷ፥ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሆና ትከተላለች።

«እታለም» አለች በሹክሹክታ፤ ለማባከን የሚበቃ ትንፋሽ አልነበራትም። «ቆዪኝ።»

ድምፁ አልቆየም። ጥላ ጨመረች። ሰባተኛው፥ ስምንተኛው። ውሃ የሚያድሉት ልጃገረዶች ብርጭቆ ዘረጉላት፤ ለመቀበል እጅ መዘርጋት ሁለት እርምጃውን ሦስት ያደርገዋልና አልተቀበለችም። ወደ ዘጠነኛው ስትቃረብ ርቀቱ መጥበብ ጀመረ። አንድ ተኩል እርምጃ። አንድ። ከዚያ ድምፁ ከጎኗ ሆነ፥ ትከሻ ለትከሻ፤ በሕይወቷ ሙሉ ከእህቷ ጎን ሆና ሮጣ አታውቅም ነበር። በዚያው ቅጽበት ደስ የሚል ቀዝቃዛ አየር ክንዷን ዳሰሰው። ፀሐዩ የተነቀለ ያህል ጥላ ወረደባት፤ እግሯ ቀለላት። ክንዷን አየችው። ላቡ ደርቋል፤ ጠጉሩ ቆሟል።

«በረደኝ» አለ አንድ አፍ። «ልብስ ደርቢልኝ።»

የተናገረው የገዛ ራሷ አፍ ነበር።

ከፊት ለፊቷ የዳቦ ቤቱ ግንብ ታየ። እናቷ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ስታጠብቅ የአንገቷ ጀርባ እንዴት እንደቀጠነ፥ ማለዳ ያላስተዋለችው አሁን ትዝ አላት። ሰዓቷ ሠላሳ ሁለት ከሃምሳ ስምንት ይላል። ሌላ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ብቻ ነው የቀረው፤ ብትሮጠው ትደርስ ነበር፤ በዚህ እርግጠኛ ነበረች፥ ዕድሜዋንም ሙሉ እርግጠኛ እንደሆነች ኖረች። እጇን ዘርግታ ግንቡን ያዘች። ውስጡ ምድጃ የሚነድበት ግንብ መዳፏን ጠበሰው። ቆመች።

ከጎኗ ያለው እርምጃም ቆመ።

ጥላ ይሄኔ ነው የገባት። እስካሁን ያ እርምጃ ከእሷ የሚሸሽ መስሏት ነበር። ግን ቆመ። መቆም ይችል ነበር፤ የሚያቆመው አጥቶ ነው እንጂ።

ውሃ የሚያድሉት ልጃገረዶች ሮጠው ደረሱ። ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠዋት በረዶ በብብቷና በአንገቷ አደረጉ፤ ጨው የገባበት ውሃ በትንሽ በትንሹ አጠጧት። ላቧ ሲመለስ ሙቀቱም ተመለሰ፤ እንደዚያን ቀን ሙቀት ናፍቋት አያውቅም። የውድድሩ ሐኪም መጥታ ዐይኗን ከፍታ አየች፤ ልቧን አዳመጠች፤ አምቡላንስ ይምጣ አለች። ጥላ ግን እንቢ ብላ አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያው ተኝታ፥ ሐኪሟ ሁለቴ ከለካቻትና «በይ እሺ፥ ግን ሰው ይያዝሽ» ካለቻት በኋላ፥ ሊፈልጋት በመጣው አሰልጣኝ ክንድ ላይ ተደግፋ ተነሣች።

«ሜዳው ጋ ይውሰዱኝ።»

«ቤትሽ ነው የምወስድሽ።»

«በሜዳው በኩል እንሂድ። በእግሬ።»

አሰልጣኙ ቁልፉን ከአንገቱ ሳይፈታ፥ ወደ መቆለፊያው ጎንበስ ብሎ በሩን ከፈተ። ጨለማው ክፍል ውስጥ የብርሃን ስንጥቅ ገባ፤ የገመዱና የጀሪካኑ ጎማ ጎማ የሚል ሽታ ወጣ። ሁለቱ በሩን ወደ ብርሃኑ አዙረው ተመለከቱ።

ማለዳ ባዶ በተወችው በጥላ ዐምድ፥ በሦስተኛው መስመር ላይ፥ ወደ ኋላ ባዘነበለ ጽሕፈት ተጽፏል፦ «በእግሯ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።» ጠመኔው ገና እርጥብ ነበር፤ ከመጨረሻው ፊደል ሥር ነጭ ጠብታ ወርዶ ቆሟል።

አሰልጣኙ ቁልፉን በጣቱ ነካው። «ከአንገቴ አልወረደም» አለ። ማስረዳት ሳይሆን መሐላ ነበር።

«አውቃለሁ ጋሼ።» ጥላ ጠመኔ አነሣች። «አሁን ደንብ ልጥስ ነው።»

ሽማግሌው ጀርባውን አዞረ። «ዐይኔ ድሮም ደክሟል።»

ጥላ ሠላሳ ስድስት ከአርባን አልነካችውም። ከእሱ በታች፥ ሦስት ዓመት ባዶ በኖረው መስመር ላይ፥ በተቃጠለው መዳፏ ጠመኔውን እንደምንም ጨብጣ፥ አራቱን ቃላት ለእህቷ ጻፈችላት። ብረቱን የዋለበት ፀሐይ እንደ ካውያ አግሎታል፤ እዚያ መስመር ላይ ብቻ ግን ቀዝቃዛ ነበር።

«ሰዓቱንስ አታጠፊውም?» አለ አሰልጣኙ፥ እንደዞረ።

«አልመታሁትም። የመታችው ታጥፋው።»

በሩን ዘግተው ቆለፉ። ጥቂት እርምጃ እንደሄዱ ከዕቃ ቤቱ ውስጥ የጀሪካን ክዳን ሲከፈትና ውሃ በመዳፍ ላይ ሲንጠባጠብ ተሰማ። አሰልጣኙ ቴርሞሜትሩን አፈፍ አደረገ። ጥላ ክንዱን ይዛ ወደ ፊት ሳበችው። አንዳቸውም ቁልፉን አላነሡም።

አሰልጣኙ እስከ ሠፈሯ መግቢያ ሸኛት። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ብቻዋን፥ ቀስ ብላ፥ በእግሯ ሄደች። ከኋላዋ፥ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፥ አንድ ጫማ አቧራውን ሸረፍ ያደርጋል፤ ቀጥሎ ንጹሕ እርምጃ፤ ደግሞ ሸረፍ። ጥላ ዞራ አላየችም። አንድ ጊዜ ብቻ፥ የቤታቸው አቀበት ላይ ድምፁ ሲዘገይ፥ ቆማ ጠበቀችው።

በሩን አንኳኳች። እናቷ ከፈተች። ልጇን ከራስ ጠጉሯ እስከ ጫማዋ አየቻት፤ ወደ ጎን ብላ አሳለፈቻት። ከዚያ ግን በሩን አልዘጋችውም። ለአንድ ሰው ከሚበቃው ጊዜ በላይ፥ አንድ እጇ በመዝጊያው ላይ፥ ደጁን እያየች ቆየች። ቆይታም ቆይታም፥ እንዳይቀሰቅሱት የሚፈሩት ሰው እንደተኛበት ቤት፥ በዝግታ መለሰችው።

ጠረጴዛው ላይ ካሉት ሁለት ብርጭቆዎች ጥላ የራሷን አንሥታ ጠጣች።

እናት ሁለተኛውን ማታ አበባው ላይ ልትደፋው ስትነሣ አልነበረበትም፤ ውሃው።